መቁጠር ሌላ፣ መዳኘት ሌላ፦ የምርጫ ውጤት አንቀበልም ስላሉ እንደራሴዎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «እስቲ ይህን አንብብና የሚሰማህን ንገረኝ» ብሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የአሜሪካ ኮንግረስ የጆ ባይደንን መመረጥ ለማጽደቅ በተሰበሰበበት ዕለት የአሪዞናን ወይም የፔንሲልቬንያን ውጤት አንቀበልም ብለው ድምፅ ለሰጡ 147 የሪፐብሊካን ሴናተሮችና እንደራሴዎች ጥብቅና የቆመ ነው። ጭብጦቹ ሲጠቀለሉ አምስት ናቸው። ዴሞክራቶችም ከዚያ በፊት ደጋግመው አድርገውታል፤ ሕገ መንግሥቱ የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው ለኮንግረስ ነው፤ ፍርድ ቤቶቹ መዝገብ ዘጉ እንጂ ማስረጃ አላዩም፤ አሥር ቀን ማጣራት ማንንም አይጎዳም ነበር፤ በመጨረሻም፣ በ1997 ዓ.ም. የደረሰብንን የምናውቅ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሁሉ ቀድመን ከተቃዋሚዎቹ ጎን መቆም ነበረብን ይላል።

ጸሐፊው ማንንም አልተሳደቡም፤ ነገራቸውንም በቅጡ ደርድረዋል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግሁት ይህንኑ ስላከበርኩላቸው ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የምኖረው ቨርጂንያ ነው፤ በምርጫ ቀን ገና ሳይነጋ በ11 ሰዓት ጣቢያ እየደረስኩ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። «ውጤቱ አይታመንም» ሲባል ስሰማ የሚታየኝ በእጄ ያለፈው ወረቀት ነው።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ጭብጥ ልነሣ። ዴሞክራቶች አድርገውታል? አዎ፣ አድርገውታል። ይህን የሚክድ ሰው ከጸሐፊው ጋር ለመከራከር አፍ የለውም። ግን እያንዳንዱ ጊዜ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ዓመቶቹን ጠርተው አልፈዋልና።

በ2001 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ነበር። ጃንዋሪ 6 ላይ ጥቁር አሜሪካውያን እንደራሴዎች ተራ በተራ እየተነሡ የፍሎሪዳን ውጤት ተቃወሙ። በወቅቱ ሕግ አንድ ተቃውሞ እንዲታይ የአንድ እንደራሴና የአንድ ሴናተር ፊርማ ያስፈልገው ነበር። የፈረመ ሴናተር አልተገኘም። ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ነበሩ፤ ማለትም ራሳቸው ተሸናፊው። ተቃውሞው ተቀባይነት ቢያገኝ የሚጠቀሙት እርሳቸው ነበሩ። እያንዳንዱን ተናጋሪ የሴናተር ፊርማ እንዳለው ጠየቁ፤ የለም ሲባሉ ተቃውሞውን ውድቅ አደረጉ፤ የራሳቸውንም ሽንፈት አወጁ። በ2017ም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ዴሞክራት እንደራሴዎች የዶናልድ ትራምፕን መመረጥ ሲቃወሙ የሴናተር ፊርማ አልነበራቸውም፤ መዶሻውን የያዙት የያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን «አብቅቷል» ብለው ዘጉባቸው።

የ2005ቱ ይለያል። የኦሃዮዋ እንደራሴ ስቴፋኒ ተብስ ጆንስና የካሊፎርኒያዋ ሴናተር ባርባራ ቦክሰር አብረው ፈርመው የኦሃዮ ውጤት በሁለቱም ምክር ቤቶች ክርክር እንዲደረግበት አስገደዱ። በኦሃዮ፣ በተለይ ጥቁሮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች፣ መራጩ ለሰዓታት ተሰልፎ መጉላላቱ እውነት ነው። ሆኖም ተሸናፊው ጆን ኬሪ ሽንፈታቸውን የተቀበሉት በምርጫው ማግስት ነበር፤ ተብስ ጆንስም ተቃውሞዋ ውጤቱን ለመገልበጥ እንዳልሆነ እዚያው ተናግራለች። ሴኔቱ 1 ለ74፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 31 ለ267 ውድቅ አደረገው። እኔ በበኩሌ ያኔም ልክ አልነበሩም ባይ ነኝ። ስለ ሰልፍ ርዝመት ለመናገር ሌላ ቀንና ሌላ አዳራሽ ነበራቸው። ተቃውሞን መልእክት ማስተላለፊያ ማድረጋቸው ለኋለኞቹ ምሳሌ ሆኗል፤ በዚህ ጸሐፊውን አልከራከርም።

ልክ ያልሆነ ነገር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2021 ተሸናፊው ራሱ ነበር ውጤቱ እንዲገለበጥ የሚጠይቀው። ጃንዋሪ 2 ቀን ትራምፕ የጆርጂያን የምርጫ ኃላፊ ብራድ ራፈንስፐርገርን ስልክ ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲያገኙላቸው ጠየቁ፤ የተሸነፉበት ልዩነት 11,779 ነበር። ምክትላቸው ማይክ ፔንስ የክልሎችን ድምፅ አልቆጥርም እንዲሉ ለሳምንታት ተወተወቱ። ፔንስ በዚያው ዕለት ባወጡት ደብዳቤ የገቡት ቃለ መሐላ እንዲህ ያለ ሥልጣን በብቸኝነት እንዲወስዱ እንደማይፈቅድላቸው ጻፉ። እነዚያ 147 ሰዎች ድምፅ የሰጡት ይህ ሁሉ ከኋላቸው እያለ ነው።

ያን ዕለት የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን ሕንፃ ሰብረው ገቡ። ያን ምሽት ብዙዎቻችን የምንረሳው አይደለም። ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ነበር፤ የገና ዋዜማ። ዋሽንግተን ከአመሻሹ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታውጇል። እኛ ቤት ወጡ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመናል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «እናንተ ደግሞ ምን ሆናችሁ?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ከየክልሉ የመጡት የተወካይ መራጮች (ክልላቸውን ወክለው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ ሰዎች) የድምፅ ሰነዶች የተቀመጡባቸው የእንጨት ሳጥኖች የተረፉት የሴኔቱ ሠራተኞች ይዘዋቸው ስለሸሹ ነው። የኮንግረሱ አባላት ወደ አዳራሹ ሲመለሱ የተሰበረው መስታወት ገና አልተነሣም ነበር። የጆርጂያዋ ሴናተር ኬሊ ሌፍለር ጠዋት ሊቃወሙ የመጡት፣ ማታ የሆነውን አይተው ፊርማቸውን አነሡ። መተው ይቻል ነበር ማለት ነው። 121 እንደራሴዎች ግን አሪዞናን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ 138ቱ ፔንሲልቬንያን አንቀበልም አሉ። በሴኔት 6 እና 7 ሰዎች ብቻ ተከተሏቸው። ፔንስ ውጤቱን 306 ለ232 ብለው ሲያውጁ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ጭብጥ ከሁሉም የከበደው ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ የኮንግረስ ነው የሚለው። በ1804 የጸደቀው አሥራ ሁለተኛው ማሻሻያ የሚለው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት (ማለትም ምክትል ፕሬዚዳንቱ) በሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት የታሸጉትን ሰነዶች ይከፍታል፣ ድምፆቹም ይቆጠራሉ ነው። ይቆጠራሉ እንጂ ይመረመራሉ አይልም። ማን እንደሚቆጥርና ሁለት ሰነድ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አለመናገሩ ክፍተት እንደነበር አውቃለሁ፤ የ1887ቱ ሕግ የወጣውም ያንን ለመድፈን ነበር። ጸሐፊው ግን ከዚያው ሕገ መንግሥት አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለዋል፦ ማንም ሴናተር ወይም እንደራሴ ተወካይ መራጭ ሆኖ ሊሾም አይችልም ይላል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የኮንግረስ አባላት ፕሬዚዳንት መራጭ እንዳይሆኑ በራቸውን በስም ጠርተው ዘግተዋል። ክልሉ ያጸደቀውን ውጤት ኮንግረስ ቁጭ ብሎ እንደገና የሚዳኝ ከሆነ መራጩ ማን ሊሆን ነው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው።

ተቃውሞ ፈጽሞ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። በ1969 አንድ የሰሜን ካሮላይና ተወካይ መራጭ ክልሉ ያሸነፈለትን ሪቻርድ ኒክሰንን ትቶ ለጆርጅ ዋላስ ድምፁን ሰጠ። ሴናተር ኤድመንድ መስኪና እንደራሴ ጀምስ ኦሃራ ተቃወሙ። ዴሞክራቶች ነበሩ፤ የተከራከሩት ግን ለተቀናቃኛቸው ለኒክሰን መቆጠር ስለሚገባው ድምፅ ነበር። ተሸነፉ፤ ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ቦታ ላይ የተጠየቀ ነበር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የራሱ የተወካይ መራጩ ድምፅ እንጂ የሕዝቡ አይደለም። በ1961 ደግሞ ከሃዋይ ሁለት የሚቃረኑ ሰነዶች ሲመጡ ሰብሳቢው ኒክሰን ራሳቸው የተቀናቃኛቸው የኬኔዲ እንዲቆጠር አደረጉ። በ2021 ግን ከየክልሉ ገዥው ያጸደቀው ሰነድ አንድ ብቻ ነበር። አሪዞናን የሚያስተዳድሩት ገዥ ሪፐብሊካን ነበሩ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ገዥው ዳግ ዱሲ ነበሩ፣ አዎ ሪፐብሊካን ነበሩ፣ ፈርመውም ላኩት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድም መስመር ያልሰጡት ነገር አለ፤ እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ እርሱ ነው። የምርጫ ወረቀቷን ያያት ሰው ያውቃል። ከላይ የፕሬዚዳንቱ ዕጩዎች አሉ፤ ዝቅ ብሎ የኮንግረሱ። አንድ ወረቀት ናት። በአንድ እስክሪብቶ ትሞላለች፣ በአንድ ማሽን አፍ ትገባለች። የፔንሲልቬንያን ውጤት ከሴናተር ጆሽ ሀውሊ ጋር ፈርመው የተቃወሙት እንደራሴ ስኮት ፔሪ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በዚያው ቀን፣ በዚያው ክልል፣ በዚያችው ወረቀት ተመርጠው ነው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት። ወረቀቷ ከላይ ሐሰተኛ፣ ከታች እውነተኛ ልትሆን አትችልም። የቴክሳሱ ሪፐብሊካን ቺፕ ሮይ ይህንን ለማሳየት ጃንዋሪ 3 ቀን ከስድስቱ አወዛጋቢ ክልሎች የተመረጡ እንደራሴዎች ቃለ መሐላ እንዳይፈጽሙ ተቃወሙ። ምክር ቤቱ 371 ለ2 ምርጫቸው ትክክል ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ከነዚያው ሰዎች ከመቶ በላይ የሚሆኑት ያችኑ ወረቀት አናምናትም አሉ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ፍርድ ቤቶቹ ማስረጃ አላዩም የሚለው ሦስተኛው ጭብጥ በከፊል እውነት ስለሆነ ነው ብዙ ሰው ያሳመነው። የቴክሳስ ክስ ዲሴምበር 11 ቀን 2020 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተዘጋው ቴክሳስ ሌሎች ክልሎችን በዚህ ለመክሰስ መብት የላትም ተብሎ ነው። ግን ክሱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ወደ 60 የሚጠጋ ነበር። በኔቫዳ ዳኛው የምስክሮችን ቃል አይተው፣ የባለሙያዎቹን ትንተና መዝነው፣ ክሱ አልተረጋገጠም ብለው ፈረዱ። በዊስኮንሲን ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ፌዴራል ዳኛ የክሱን ፍሬ ነገር መርምረው ውድቅ አደረጉት። በፔንሲልቬንያው ክስ የይግባኙን ውሳኔ የጻፉትም ዳኛ ስቴፋኖስ ቢባስ የትራምፕ ሹም ነበሩ፤ ምርጫን ፍትሐዊ አይደለም ማለት ብቻውን እንደዚያ አያደርገውም፣ ዝርዝር ክስና ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እዚህ ሁለቱም የሉም ብለው ጻፉ። ከዚያ በፊት በሥር ፍርድ ቤት የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ ዳኛው ፊት ቆመው ይህ የማጭበርበር ክስ አይደለም ብለው ነበር። ውጭ ካሜራ ፊት «ተጭበረበረ»፣ ውስጥ ዳኛ ፊት «አላልንም»። ማስረጃው የሰማይ ላም ሆኖ ነው የቀረው፤ ወተቷን ያየ የለም።

የፔንሲልቬንያው ተቃውሞ ዋና መከራከሪያ ደግሞ በፖስታ መምረጥን የፈቀደው ሕግ ነበር። ያ ሕግ የወጣው በ2019፣ ሪፐብሊካኖች አብላጫ በነበሩበት የክልሉ ምክር ቤት ነው። ሕጉ ሲወጣ ያልተከሰሰ፣ ሰዉ በእርሱ ተማምኖ ከመረጠ በኋላ ተከሰሰ። በኮቪድ ዘመን ቤቷ ቁጭ ብላ ወረቀቷን በፖስታ የላከች አሮጊት ጥፋቷ ምንድን ነው?

አሥር ቀን ማጣራት የሚለው የሴናተር ቴድ ክሩዝና የአሥር ጓዶቻቸው ሐሳብ ነበር፤ ምሳሌያቸውም የ1877ቱ ኮሚሽን። ያን ጊዜ ከፍሎሪዳ፣ ከሉዊዚያናና ከደቡብ ካሮላይና የሚቃረኑ ሰነዶች መጥተው ነበር። አምስት ሴናተሮች፣ አምስት እንደራሴዎችና አምስት ዳኞች ያሉበት ኮሚሽን ተቋቁሞ በየወገኑ ተሰልፎ 8 ለ7 ወሰነ። ሪፐብሊካኑ ዕጩ ራዘርፎርድ ሄይስ 185 ለ184 አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ ጦር ከደቡብ ወጣ፤ የደቡብ ጥቁሮች የመምረጥ መብትም ቀስ በቀስ ተገፎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይመለስ ቆየ። ከዚያ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ያገኙ ሰዎች ምን እንዳነበቡ አላውቅም። ማጣራቱ ደግሞ ተደርጎ ነበር፤ ጆርጂያ ድምፁን ሦስት ጊዜ ቆጥራለች፣ አንዱን ጊዜ ወረቀት በወረቀት በእጅ። አሪዞና ውስጥ በሪፐብሊካን ሴናተሮች የተቀጠረው ሳይበር ኒንጃስ የተባለ ኩባንያ የማሪኮፓ አውራጃን ወረቀቶች ለወራት አገላብጦ በሴፕቴምበር 2021 ያገኘው ለባይደን 99 ተጨማሪ፣ ለትራምፕ ደግሞ 261 ያነሰ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ 1997። ጸሐፊው ይህን ያነሡት ልባችን የት እንደሚቆስል ስለሚያውቁ ነው። እኔም አውቃለሁ። ግንቦት 7 ቀን ሌሊት ተነሥተው የተሰለፉትን አውቃለሁ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱትን ሲቪሎች 193 ብሎ እንደቆጠረም ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ የጎደለን ግን ውጤት የሚቃወም እንደራሴ አልነበረም። የጎደለን ከገዢው ፓርቲ ነፃ ሆኖ አቤቱታ የሚሰማ ዳኛ ነበር። አቤቱታው የተሰማው በምርጫ ቦርዱ ሥር ነበር፤ ቦርዱን ደግሞ አቤት ባዮቹ አያምኑትም ነበር። በ2020 ከሳሹ ሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ነበር፤ ዳኞቹ ራሱ የሾማቸው ሳይቀሩ ፊት ለፊት «የለህም» አሉት። እኛ በ1997 የተመኘነው ይህንን አልነበረም ወይ? ሁለቱን አንድ ማድረግ በ1997 የወደቁትን ሰዎች አቤቱታ ማሳነስ ነው፤ ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ለእኛ የሚቀርብ ሌላም ነገር አለ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ወገናችን ከ1961 ወዲህ በሕገ መንግሥቱ ሦስት ተወካይ መራጮች አሉት። በኮንግረሱ ግን ሴናተር የለውም፤ ያለችው አንዲት ተወካይም በምክር ቤቱ የመጨረሻ ድምፅ አትሰጥም። ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የሚዳኝ ከሆነ፣ ያ ታክሲ ነጂ፣ ያቺ ነርስ፣ ያ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ድምፁ የሚቀረው እዚያው በር ላይ ነው።

የ1887ቱን ያሻሻለው የ2022ቱ ሕግ የእንደራሴዎችን አፍ ዘጋ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አልዘጋም። አሁን ተቃውሞ እንዲታይ ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛው መፈረም አለበት፣ ለተቃውሞ የሚፈቀዱት ምክንያቶችም ሁለት ብቻ ናቸው፤ የምክትል ፕሬዚዳንቱም ሚና መክፈትና ማወጅ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2025፣ ዋሽንግተን በረዶ እየጣለባት፣ ካማላ ሃሪስ የራሳቸውን ሽንፈት 312 ለ226 ብለው አነበቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው። የተነሣ ተቃዋሚ አልነበረም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ይጠይቃሉ፦ የመረጡህ ሰዎች ጥርጣሬ ቢኖራቸው አንተ እንደራሴ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እንደራሴ አይደለሁም፤ ግን ይህ ጥያቄ ደርሶብኛል። ባለፈው የፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ አዛውንት ወረቀታቸውን ማሽኑ ውስጥ ከከተቱ በኋላ አልሄድ ብለው ቆሙ። «ልጄ፣ አሁን ይቺ ወረቀት የት ገባች? በእርግጥ ተቆጥራለች?» አሉኝ በአማርኛ። «አባባ፣ ይህን ቁጥር ይዩት» ብዬ የማሽኑን መስኮት አሳየኋቸው። 613 ይላል። «ከእርስዎ በፊት 612 ነበር። ማታ በሩ ሲዘጋ ይህ ቁጥር መምረጣቸው በመዝገባችን ከተመለከተው ሰዎች ቁጥር ጋር ካልገጠመ ማናችንም ወደ ቤት አንሄድም። ከሁለቱም ፓርቲ የተመደቡት አስፈጻሚዎች ናቸው የሚፈርሙበት።» ከኋላቸው የነበረችው ወጣት ወረቀቷን ስታስገባ ቁጥሩ 614 ሆነ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩት፣ አንድ ጊዜ ደግመው አዩትና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።